ሁለት ወገኑ መስታወት የሆነ ሳሎን፦ የኋላ ስፒከሮቹ የት ይቀመጡ?

የሰሚት ነዋሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የድምፅ አምፕሊፋየር ከአምስት ስፒከርና ከአንድ ባስ ጋር አምጥቶልኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከካርቶኑ አልወጣም፤ የኋላ ሁለቱን ስፒከሮች የማስቀምጥበት ግድግዳ አጥቻለሁ።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ 3.80 በ5.60 ሜትር ሲሆን ቴሌቪዥኑ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ነው። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳዞር በቀኜ 2.40 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 2.60 ሜትር ርቆ ይጀምርና 5 ሜትር ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ ጥጉ 60 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ብቻ ይቀራል። በግራዬ ከ3.90 እስከ 4.90 ድረስ ወደ መኝታ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ክፍት ነው። ከኋላዬ የበረንዳው በር ነው፤ በሩም ከጎኑ ያለው መስኮትም መስታወት ነው። ሶፋው ከዚያ መስታወት ጋር ተጠግቷል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መሐል ላይ አነስ ያለች ምንጣፍ አለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ራሱ ሶፋው ላይ ሆኜ ስሰማው ጎድጓዳ ነው፤ ዜና አንባቢው ከበርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ተነስቼ ወደ ሳሎኑ መሐል ስራመድ ይጠራል። ይህ ከስፒከሮቹ ቦታ ጋር ይያያዛል?

ባለ ድሪሉ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡41

ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። ሁለቱንም ከኋላ ጥጎቹ ላይ ከጣሪያው ሥር በብራኬት ስቀላቸው። በሙያዬ ብዙ ቤት ገጥሜያለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ነው። መስኮቱን አይነካም፣ ሕፃን አይደርስበትም፣ ሽቦውም በጣሪያው ጠርዝ ተደብቆ ይሄዳል። ሶፋው ካለበት መነሳት የለበትም።

አሮጌው ቴክኒሻን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

ባለ ድሪሉ፣ የእጅህን ሥራ አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። መጀመሪያ መነሳት ያለበት ሶፋው ነው።

ልጄ፣ በርሜል ያልከው ነገር መልሱን ይዟል። ሶፋው ከመስታወቱ ጋር ከተጠጋ ጆሮህ ከመስታወቱ በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከፊት የሚመጣው ድምፅ ጆሮህን አልፎ መስታወቱን ይመታና ተመልሶ ይደርስሃል፤ በዚህ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ሄዷል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ285 ኸርዝ (በሰከንድ 285 ንዝረት) አካባቢ የተመለሰው ከቀጥታው ጋር ተቃርኖ ይሰርዘዋል። የሰው ድምፅ ሥጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ስትቆምና ወደ መሐል ስትሄድ የጠራልህ ለዚህ ነው። ስፒከሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያስተካክልም።

ሁለተኛው ስህተት "የኋላ ስፒከር" የሚለው ስም ነው። በ5.1፣ ማለትም በአምስት ስፒከርና በአንድ ባስ አቀማመጥ፣ እነዚህ ሁለቱ የጎን ስፒከሮች ናቸው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ያፈገፈጉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት መሐለኛውን ስፒከር ዜሮ ብለን ስንቆጥር ቦታቸው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ጆሮህ 90 ላይ ስለሆነ፣ ከጆሮህ መስመር ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ማለት ነው። ጥግ ውስጥ ከጣሪያ ሥር ከተሰቀሉ ድምፁ ከጭንቅላትህ በላይ ይንሳፈፋል፤ ጥጉ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አለቅጥ ያሳብጠዋል።

ስለዚህ የመቀመጫህን ቦታ አስቀድመን እንወስን። ጆሮህ ከኋላው መስታወት 1.40 ሜትር እንዲርቅ ሶፋውን ወደ ፊት ሳበው። የፊት ስፒከሮቹ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብለው ቢቆሙ ከአንተ እስከ እነሱ መስመር 3.70 ሜትር ይሆናል። ግራና ቀኙን በ3 ሜትር አራርቃቸው፤ ከየጎን ግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ይህ 22 ዲግሪ ያህል ይሰጥሃል፤ 30 ዲግሪ ብታደርገው ደስ ይለኝ ነበር፣ ክፍሉ ግን አይበቃም። የጎኖቹን ስፒከሮች በማቆሚያ ላይ አድርገህ ከአንተ 1.50 ሜትር ወደ ጎን፣ 55 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጣቸው። ልክ 110 ዲግሪ ነው።

የሰሚት ነዋሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሶፋውን ከእህቴ ጋር ሳብነው። ገና ምንም ሳልገጥም የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተለወጠ፤ እናቴ "ድምፁን ጨመርከው እንዴ?" አለችኝ። አልጨመርኩም።

ችግሩ በቀኝ በኩል ነው። እርስዎ ማቆሚያ አድርግ ባሉኝ ቦታ ላይ የእናቴ ረከቦት ይቀመጣል። መስኮቱ ሥር ሆና ነው የምታፈላው፤ የከሰሉ ጭስና ዕጣኑ የሚወጣው በዚያ ነው። እዚያ ምንም ነገር አላቆምም። ደግሞም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል፤ ስፒከሩ በፀሐይ ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ።

አሮጌው ቴክኒሻን
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡05

የእናትህ ቦታ አይነካ። ካንተ ልኬት ተነስቼ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ያቺ 60 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ታወጣሃለች።

ሶፋው ከመስታወቱ ጋር ተጠግቶ ሳለ ያቺ ግድግዳ አጠገብህ ስለነበረች አትጠቅምም ነበር። አሁን ግን ጆሮህ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 4.20 ሜትር ላይ ነው። ስፒከሩን 5.10 ላይ፣ መስኮቱ እንዳለቀ ብትሰቅለው ከጆሮህ መስመር 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ በጎን ደግሞ 1.70 ሜትር ያህል ይሆናል። 118 ዲግሪ ነው፤ ዳር ላይ ቢሆንም ከተፈቀደው ውስጥ ነው። በግራህም መተላለፊያው 4.90 ላይ ስለሚያልቅ በ5.10 ላይ እኩያውን ትሰቅላለህ። ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ መስታወቱን አይነኩም፣ ቀጥተኛ ፀሐይም አያገኛቸውም።

ከፍታውን ከወለል 1.70 ሜትር አድርገው። ተቀምጠህ ጆሮህ 1.10 ላይ ቢሆን ስፒከሩ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ድምፁን አይጋርድም። ፊቱን ወደ አንተ ሳይሆን ከጭንቅላትህ ትንሽ ወደ ኋላ አዙረው። ጥግ ላይ እንዳይለጠፍ እንጂ ብራኬቱ ላይ ቸግሮኝ የማውቀው ነገር የለም፤ እሱን ባለ ድሪሉ ያውቃል።

ባለ ድሪሉ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

ጋሼ፣ ተረድቻለሁ። እኔ የሽቦውንና የግድግዳውን እንጂ የሶፋውን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።

ለወንድማችን፦ የጥጉ ግድግዳ ውስጥ የሕንፃው ኮንክሪት ምሰሶ ሊኖር ይችላል። ስትበሳ ድሪሉ በጣም ከከበደህና ግራጫ ደቃቅ ዱቄት ከወጣ ኮንክሪት ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር በቂ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከገባ በኋላ በድንገት ከላላ ግን ባዶ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር እዚያ ውስጥ ይዞራል፤ ከውስጥ የሚከፈተውን ዓይነት ግዛ። የመስኮቱን ጠርዝ ከ8 ሳንቲ ሜትር በታች ቀርበህ አትብሳ፣ ልስኑ ይፈነቀላል።

ስለ ሽቦው። ሽቦውን በዞኮሎው ላይ ዙሪያውን ብታስኬደው በአንድ ወገን 10 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ ለዚህ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ይበቃል። ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቀው። ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ መልሰው። ሌላው ሰው የሚሳሳተው ቀዩን ከጥቁሩ ማደባለቅ ነው። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገናኘ ባሱ ይሳሳል፣ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከሜሪላንድ ነው። ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ አምፕሊፋየሩን ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ነው። ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበሉ ሰው ሁሉም እንዲያ ይመስለዋል። ለአጎቴ የላክሁት አምፕሊፋየር 220 ላይ ተሰክቶ በዚያው ደቂቃ ተቃጥሏል፤ ሽታው ለሁለት ቀን ከቤቱ አልወጣም ነበር።

120 የሚል ከሆነ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ይሁን። የእኛ 60 ኸርዝ፣ የእናንተ 50 ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ትንሽ ሊሞቅ ይችላል፤ በቡፌው ውስጥ አትዝጋበት፣ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር አየር ይኑረው። ባሱም የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለው የእሱንም ጀርባ አንብብ።

የሰሚት ነዋሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁለቱም 120 ቮልት ይላሉ። ነገ ልሰካው ነበር። ወንድሜ፣ ባለውለታዬ ነህ።

መጋረጃ ሰፊዋ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ መስታወቱ ሁላችሁም ታወራላችሁ፣ ስለ መጋረጃው ግን አንድም ሰው አልጠየቀም! ወንድሜ፣ የተሰቀለው መጋረጃ ምን ዓይነት ነው? ስስ ዳንቴል ከሆነ ለድምፅ እንደሌለ ቁጠረው። ከጀርባው ፕላስቲክ የተቀባው የብርሃን መከላከያም ጀርባው ወደ ሳሎኑ ከዞረ እንደ መስታወቱ ይመልሰዋል።

ለድምፅ ብለው ያሰፉኝ ደንበኞች ነበሩኝ፤ የሚሠራው ከፋይ ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነው። ስትገዛ ጨርቁን አፍህ ላይ አድርገህ ተንፍስበት። ትንፋሽህ እየታገለ ካለፈ ጥሩ ነው፤ ምንም ሳይከለክለው ካለፈ ስስ ነው፣ ጨርሶ ካላለፈም አይሆንም። ስፋቱን እጥፍ አድርገው፦ ለ2.40 መስኮት 4.80 ሜትር ጨርቅ፣ ሲዘረጋም ሽንሽኑ እንዲቀር። ሐዲዱ ከመስታወቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መስታወት ላይ የተለጠፈ መጋረጃና ራቅ ብሎ የተሰቀለ መጋረጃ አንድ አይደሉም፤ ከጀርባው ያለው አየር ነው ጨርቁን የሚያሠራው።

አሮጌው ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡10

እህቴ፣ በትክክል ነው የተናገርሽው። ጨርቁ ከግድግዳ በራቀ ቁጥር ዝቅ ያለውን ድምፅም መያዝ ይጀምራል፤ በ15 ሳንቲ ሜትር እስከ 570 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ጥሩ ይሠራል። ከዚያ በታች ያለውን ባስ መጋረጃ አይዘውም፤ ማንም ይዞታል ቢልህ አትመነው።

ልጄ፣ አንተ ግን የቀኑን ብርሃን ለመተው አትቸኩል። መስኮቱን በሙሉ መሸፈን ላያስፈልግህ ይችላል። ሶፋው ላይ ተቀመጥ፣ እህትህ የፊት መስታወት ይዛ በቀኙ ግድግዳና በመስኮቱ ላይ በጆሮህ ከፍታ ቀስ እያለች ታንቀሳቅሰው። በመስታወቱ ውስጥ የፊት ስፒከር ባየህበት ነጥብ ሁሉ፣ የዚያ ስፒከር ድምፅ ነጥሮ የሚደርስህ ከዚያ ነው። ምልክት አድርጉና ልኬቱን ጻፍልኝ።

ዲሽ ተመልካች
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ይቅርታ፣ እኔ የማየው አብዛኛው በዲሽ የሚመጣ ነው፣ እሱም ባለ ሁለት ድምፅ ነው። ታዲያ አምስቱ ስፒከር ምን ያደርጋል?

አሮጌው ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡40

አምፕሊፋየሩ ሁለቱን ወደ አምስት የሚያሰፋበት ዘዴ አለው፤ ለኳስ ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ተንታኙ መሐል ላይ ሆኖ የደጋፊው ጩኸት ወደ ጎን ይወጣል። ለዘፈን ግን አጥፋው። በሁለት ድምፅ የተቀረጸ ክራርና ማሲንቆ በሁለት ስፒከር ነው የሚያምረው። ፊልም ደግሞ ከራሱ 5.1 ካለው ቴሌቪዥኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ኤአርሲ በተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብታገናኘው ይበቃል።

የሰሚት ነዋሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ ልኬቱ ይኸው። የቀኙ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 1.14 ሜትር ላይ ታየ፤ እዚያ ባዶ ግድግዳ ነው። መሐለኛው 2.35 ላይ፣ እሱም ግድግዳ ነው። የግራው ስፒከር ግን 2.87 ላይ ታየ፤ ይህ መስኮቱ እንደጀመረ 27 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መስኮት ምንም የፊት ስፒከር አላሳየም።

አሮጌው ቴክኒሻን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

ይህን ነበር የምፈልገው። የግራው ስፒከር ድምፅ ክፍሉን አቋርጦ መስኮቱን መትቶ ይመለሳል፣ 2.50 ሜትር ያህል ዞሮ ከቀጥታው 7 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርስሃል። የንግግርን ጥራት የሚያደበዝዘው እንዲህ ያለው ነው። የሚያስፈልግህ ግን የመስኮቱን የመጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር መሸፈን ብቻ ነው።

ስለዚህ መጋረጃው ሲከፈት ለሁለት እንዳይከፈል፤ ሙሉውን ወደ ቴሌቪዥኑ በኩል ሰብስበው። ተሰብስቦ የቆመው ወፍራም ጨርቅ በዚያች ነጥብ ላይ ይውላል፣ የቀረው መስኮት ክፍት ሆኖ ብርሃኑም የእናትህ ጭስ መውጫም አይዘጋም። በ1.14 ላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ወፍራም የሱፍ ሥራ ወይም መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ብታደርግ መልካም ነው። የበረንዳውን መስታወት ማታ ማታ ተመሳሳይ መጋረጃ ዘርጋበት። ምንጣፏንም ከሶፋው ወደ ፊት አስፋት፤ ሴራሚኩ ከመስኮቱ ያልተናነሰ ይጮኻል።

መጋረጃ ሰፊዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

በአንድ ወገን የሚሰበሰብ ከሆነ ሐዲዱን ከመስኮቱ ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ቴሌቪዥኑ አስረዝመው፣ አለበለዚያ ተሰብስቦ ብዙ ብርሃን ይጋርዳል። 4.80 ሜትር ከፋይ ከባድ ስለሆነ ሐዲዱን ሦስት ቦታ ላይ አስይዘው።

የሰሚት ነዋሪ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11፡00

ተገጠመ። ትራንስፎርመሩም ገባ። በአምፕሊፋየሩ ማይክሮፎን ጆሮዬ በሚሆንበት ቦታ ለካሁ፣ መስኮቱንና በሩን ዘግቼ። የጎኖቹን 2 ሜትር፣ የፊቶቹን 4 ሜትር ብሎ አነበባቸው፤ እኔ በሜትር ከለካሁት ጋር አንድ ነው። ባሱን እርስዎ በሌላ ውይይት ላይ እንደመከሩት ሶፋው ላይ አስቀምጬ በወለሉ ላይ እየዞርኩ አዳመጥኩና ከፊት ግድግዳ በስተግራ፣ ከጥጉ አንድ ሜትር ወጣ ብሎ እኩል የሚሰማበትን ቦታ አገኘሁ። ከሥሩ ወፍራም ጎማ አነጠፍኩለት፤ ታች ያሉት ጎረቤታችን አዛውንት ናቸው፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ባሱን አጠፋዋለሁ።

አንድ ችግር ቀረኝ። እናቴ በጾሙ በገና ታዳምጣለች። አንዳንድ ክር ሲመታ ከመስኮቱ በኩል ዝዝዝ የሚል ነገር ይሰማል። በመጀመሪያ የበገናው የራሱ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

አሮጌው ቴክኒሻን
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡20

በገና ከክሩ ሥር ባሉት፣ እንዚራ በሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎች ምክንያት በተፈጥሮው ይነዝራል፤ እሱ ግን ከፊት ከስፒከሮቹ መሐል ነው የሚመጣው። ከጎን የሚመጣው ሌላ ነው። በስልክህ ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም አውርድና በአምፕሊፋየሩ በኩል አሰማው፣ ከ30 ኸርዝ ጀምረህ በዝግታ ወደ 120 ውጣ። ዝዝታው ሲጀምር አቁምና እያንዳንዱን መስታወት በመዳፍህ ጫን እያልክ ሞክር። ሲጫን ዝም ያለው እሱ ነው። ጠርዙን በሲሊኮን ሙላው፣ አንድ ቀን ይድረቅ።

የሰሚት ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁለት መስታወት አገኘሁ፣ 45 ኸርዝ ላይ። ሞላኋቸው፣ ዝም አሉ። 62 ላይ ግን አሁንም ይነዝራል። መስኮቱን ሁሉ ጫንኩ፣ የበረንዳውንም በር ጫንኩ፣ አልተወም። በመጨረሻ እናቴ ከተቀመጠችበት "ሲኒዎቹ ናቸው" አለችኝ። ቡፌውን ከፍተን ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው፤ ባዶውን ቡፌ ስንዘጋው ዝዝታው አለ፣ ተንሸራታቹን መስታወት በጣት ስነካው ጠፋ።

አሮጌው ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ተንሸራታቹ የሚሄድበት ሐዲድ ሰፍቶበታል። ከመጋረጃው ከተረፈው ከፋይ በሐዲዱ ስፋት ልክ ስስ ቁራጭ ቆርጠህ ከታችና ከላይ አስገባበት። ከዚያ ሲኒዎቹን መልሰህ ከ50 እስከ 70 ያለውን እንደገና አሂደው።